ጎኔ የተባለችው ባለካውያ

በልብስ ማጠቢያ ቤታችን ለሰው ስም ማውጣት የሚችል ሞልቷል። እድፍ ማስለቀቅ የሚችለው ግን ጥቂት ነው። ባለካውያዋን «ጎኔ» ያሏት እነዚያ ስም አውጪዎች ናቸው። ካውያውን አስቀምጣ ግራ እጇን ወደ ጎኗ ስትልክ ያዩና፣ «ጎኔ ጀመራት» ብለው ይሳሳቃሉ። እሷ አትመልስም። ከተኮሰችው አንሶላ አንዱን ገና በትኩሱ ታጣጥፍና ጎኗ ላይ አድርጋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ትደገፋለች። ሙቀቱ ሲያልቅ አንሶላውን ዘርግታ እንደገና ትተኩሰዋለች። ከእሷ እጅ በወጣ አንሶላ ላይ አንድም የተጨማደደ ቦታ አይገኝም።

እኔ የማጠፍ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ሰፊ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አራቱን ጫፎች ይይዛሉ፣ ወጠር ያደርጉታል፣ ከዚያ አንዷ ወደ ሌላዋ ሄዳ ጫፍን ከጫፍ ያገናኛሉ። በተገናኙ ቁጥር ፊታቸው ይቀራረባል። ማሽኖቹ ስለሚጮሁ በሌላ ጊዜ መነጋገር አይቻልም፤ እዚያች ላይ ግን አንድ ሁለት ቃል ጣል ይደረጋል። ከሰዓት በኋላ ካውያው ሲያርፍ ከእኔ ጋር የምታጥፈው እሷ ነበረች። የሕይወቷን ታሪክ የሰማሁት እንዲህ በቁርጥራጭ ነው፤ ለአንድ አንሶላ አንድ ዓረፍተ ነገር።

ነገሩ የጀመረው በማህፀን እጢ ነው። ደም እየፈሰሳት ከሰውነት ተራ ስትወጣ ማህፀኗ እንዲወጣ ተወሰነ። ቀዶ ጥገናውን ያደረገው ሰው ስመ ጥር ነበር። ኮሪደሩ ላይ ብቅ ሲል ነርሶቹ ከወንበር ብድግ ይሉለታል፤ በሽተኞቹም አልጋቸው ላይ ሆነው ሊነሱለት ምንም አይቀራቸውም። ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርድ፣ ከእርሳስ የቀጠነ ቱቦ አለ። ይህ ቱቦ በማህፀን አጠገብ ነው የሚያልፈው። ስመ ጥሩ ሰው ደም ሥር ሲቋጥር ይሄንኑ ቱቦ በግራ በኩል አቆሰለው። ቤቷ ከገባች ሳምንት ሳይሞላት ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ይፈስ ጀመር።

ተመልሳ ሄደች። ሰውየው ከአልጋዋ ግርጌ ቆሞ፣ እጁን ከነጭ ካፖርቱ ኪስ ሳያወጣ፣ «ትንሽ ነገር ናት። በመጽሐፍም ያለ ነው» አላት።

«መጽሐፍ ላይ ካለ እዚያው በቀረ!» አለችኝ የአንሶላውን ጫፍ ስታቀብለኝ። ለሰውየው ግን አላለችውም። ለእሱማ ያለችው «እግዜር ይስጥልኝ» ነው።

ቱቦውን ለመጠገን ቁስሉ እስኪጠግግ ይጠበቅ ስለተባለ ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት ከአሮጌ ፎጣ እየቀደደች ልብሷ ውስጥ ታነጥፍ ነበር፤ ከጥቁር ቀሚስ በቀር አትለብስም። ቀኑን ሙሉ የማያውቁትን ሰው አንሶላ ሲያገላብጡ የሚውሉ ሰዎች እሷ ስታልፍ አፍንጫቸውን ያዙ። ኃላፊያችን ሰው ለመሆን በጣም የሚጥር ሰው ስለነበረ፣ ሳያስቀይማት ሊያርቃት ዘዴ ፈለገ። የሳሙና ጆንያ ወደሚከመርበት ጥግ አዛወራትና፣ «ለአንቺው ብዬ ነው፣ እዚያ ጥሩ ጥሩ ይሸታል» አላት።

ቤት ደግሞ የባሰ ነበር። ባሏ ትቷት ከሄደ ወዲህ የምትኖረው በታላቅ ወንድሟ ግቢ፣ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ግቢው የሟች ወላጆቻቸው ሲሆን፣ ወንድሟ ከልጆቹ ሁሉ ቀድሞ ስለተወለደ ቤቱን የሠራው እሱ ይመስለዋል። ሚስቱ ንጽሕናን ከሃይማኖት የምታስቀድም ሴት ናት። ባለካውያዋ ወደ ሳሎን ስትገባ ሚስቲቱ ከሶፋው ሥር ጥቅል ላስቲክ አውጥታ ወንበሩ ላይ ትዘረጋለች። ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት፣ ለምግብ ጠረጴዛ የሚሆን ላስቲክ ነው። እንግዳ ካለ ደግሞ ጮክ ብላ፣ «እቺን አነጥፍልሽና ተመቻችተሽ ትቀመጫለሽ» ትላታለች። ባለካውያዋ ስትቀመጥ ላስቲኩ ይንጫጫል። እንግዳው ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

በመጨረሻ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ተደረገ። የቆሰለውን ቱቦ ሰፍተው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውስጡ አስገቡና፣ ኋላ አወጡላት። መፍሰሱ ቆመ። ስትወጣ አንዲት ነርስ እጇን ይዛ፣ «የተሰፋ ቦታ ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው ቱቦውን ቀስ እያለ ሊያጠበው ይችላል። ምንም ባያምሽም ተመልሰሽ መጥተሽ በመሣሪያ ታዪ። ምንም ባያምሽም! ሰማሽ?» አለቻት።

ሰማች። ቀኑ ሲደርስም ወንድሟን መኪና ለመነችው። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ በተጨናነቀ አውቶቡስ መቆም ያማታል።

እዚህ ላይ የወንድሟን ሥራ መናገር አለብኝ። የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፤ ምስማር፣ ቀለም፣ ከሁሉም በላይ የውሃ ቱቦ ይሸጣል። ስለ ቱቦ የማያውቀው ነገር የለም ይላል። የእህቱን ጉዳይ ሲሰማ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ፍርዱን ሰጠ።

«ቱቦ ነው አይደል የተሰፋው?»

«አዎ ጋሼ።»

«አሁን ያፈሳል?»

«አያፈስም። ግን ነርሷ...»

«ነርሷ ቱቦ ሸጣ ታውቃለች? የሚያፈስ ቱቦ ወለል ያረጥባል። ወለሉ ደረቅ ከሆነ ቱቦው ደህና ነው። ነገሩ አለቀ! መኪናው ደግሞ ዛሬ ዕቃ ያደርሳል።»

ደንበኞቹ ሳቁ። እሱም ደስ አለው። ነገሩ አለቀ ተባለና አለቀ። እሷም ከሰው ፊት ተከራክራ የማታውቅ ስለሆነች ተመልሳ ካውያዋን ያዘች።

ጎኗ ግን ወደ ጤናው አልተመለሰም። አንዳንድ ቀን ከጎድን አጥንቷ ሥር ጀምሮ እስከ ብሽሽቷ የሚወጋ ነገር ይመጣል። አንዳንዴ ትኩሳት ተነስቶባት ያን ሁሉ እንፋሎት አጠገብ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ውሃ በጠጣች መጠን ጎኗ የሚወጠር ስለመሰላት ውሃ መጠጣት ተወች። ካውያ ፊት ቆሞ ውሃ አለመጠጣት ምን እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም፤ ከንፈሯ እንደ ደረቀ ቆዳ ይሰነጣጠቅ ነበር። ኃላፊያችን ግን ወደ ሽንት ቤት መመላለስ ማቆሟን አይቶ ለሌሎቹ ምሳሌ አደረጋት። «እስቲ ከእሷ ተማሩ!» አለ። በሕይወቷ የተመሰገነችው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የወንድሟ ሚስት ሌላ አስተያየት ነበራት። «ሥራ ሲበዛባት ነው ጎኗን የሚያማት። ዕቃ ማጠብ ሲመጣ ጎኔ፤ ምግብ ሲቀርብ ግን የሚያማት አካል የላትም።» ታናሽ ወንድሟም ሲመጣ፣ «እንዴት ነሽ እመት ጎኔ?» ይላታል። ይሄኛው ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከማኅተም የከበደ ዕቃ አንስቶ አያውቅም፣ ግን አምስት ደቂቃ ካወራ «ሥራዬ ከባድ ነው» ሳይል አያበቃም።

እንዲህ ዓመታት ሄዱ። ከጊዜ በኋላ ሕመሙ እየለዘበ መጣ። መጀመሪያ በየሳምንቱ የነበረው በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። እሷም ተገረመች፤ ጎኗን ትጫነዋለች፣ ምንም የለም። ቤቱ ውስጥ ግን ማንም አልተገረመም። «አየሽ?» አለች ሚስቲቱ፣ «ተይው ሲሉሽ ተወሽ! ሐሳብ ነበር።» ወንድሟም፣ «አላልኩም? ቱቦው ደህና ነው» አለ። ድል እንዳደረገ ሰው እየተጎማለለ ወደ መደብሩ ሄደ።

ብዙ ሳይቆይ ራስ ምታት ጀመራት። ከበድ የሚል፣ ከማጅራት የሚነሳ። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የደም ግፊት ነው ብለው እንክብል ሰጧት፤ ከየት እንደመጣ ማንም አልጠየቀም። ሚስቲቱ ይህን ስትሰማ እንደ ምርጥ ቀልድ ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰችው፦ «የእኛ ቤቷ ጎኔ አርጅታ አሁን ራሴ ሆናለች!»

ከዚያ ነው ታላቅ ወንድም የታመመው።

ስኳር ነበረበት። ስኳሩንም የያዘው እህቱን በያዘበት መንገድ ነው፤ አልሰማውም። እግሩ አበጠ፣ ፊቱ አበጠ፣ ትንፋሹ አጠረ፤ ሲወስዱት ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመዋል ተባለ። ወይ በየሳምንቱ እየተመላለሰ በማሽን ኩላሊቱ ይታጠባል፣ ወይ ከቤተሰብ አንድ ጤነኛ ኩላሊት ያገኛል። በግቢው ዋይታ ሆነ። የእሱ ሕመም ሐሳብ ነው ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰበሰበ። ባለካውያዋ ከአንድ ቀን በፊት አንሶላ ስናጥፍ፣ «እትዬ፣ አብረውኝ ይምጡ፤ አጠገቤ ሰው ይኑር» ስላለችኝ ሄድኩ። ሻይ ቀረበልኝ። ለእሷ ግን ላስቲኩ ተነጠፈላት። መፍሰሱ ከቆመ ስንት ዘመኑ! ሚስቲቱ እጇ ለምዶ ይሆናል።

ታናሽየው መጀመሪያ ተናገረ። «ለጋሼ የእኔን ሁለቱንም ብሰጥ ደስታዬ ነበር። ሁለቱንም! ግን ሥራዬን ታውቃላችሁ።»

«ምን ነካህ፣ አንተ ልጆች ያሉህ ሰው!» አለች ሚስቲቱ ቶሎ ብላ። እሱም ቶሎ ብሎ ተስማማ። ከዚያ ሁሉም ዓይን፣ ሳይነጋገር፣ ወደ ላስቲኩ ዞረ።

«እሷ እንግዲህ» አለች ሚስቲቱ ድምጿን አለስልሳ፣ «ልጅ የላት፣ ባል የላት። ጤናዋም እግዜር ይመስገን እንደ ድንጋይ ነው። ይሄው ስንት ዓመት ቆማ ስትሠራ!»

ባለካውያዋ ቀና አለች። «እኔ እኮ ጎኔን ሲያመኝ...»

«እሱማ ድሮ ለቀቀሽ! ራስሽ አይደለሽ እንዴ ለቀቀኝ ያልሽው?»

ታላቅ ወንድሟ ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፎ ነበር። ዓይኑን ከደን አድርጎ፣ «እህቴ» አላት። ከእናታቸው ቀብር ወዲህ እህቴ ብሏት አያውቅም። «እህቴ፣ አደራሽን።»

እሷ የቀሚሷን ጫፍ ስታጣጥፍ ቆየች፤ ጫፍ ከጫፍ አገናኝታ በመዳፏ ዳመጠችው።

«እሺ» አለች። «ይመርምሩኝ።»

ውጭ ስንወጣ ክንዷን ያዝኳት። «ልጄ፣ እምቢ በይ» አልኳት። «ለእነዚህ ሰዎች ጥፍርሽን ቆርጠሽ አትስጪ።»

«እትዬ፣ እምቢ ብልማ እንደገና አስመሳይ ነኝ። ያን ጊዜ በመሣሪያ ታዪ ያለችኝን ነርስ አልረሳኋትም። እኔን ብሎ የሚያሳየኝ አልተገኘም፤ ለጋሼ ሲባል ግን ይኸው መኪናውም ተገኘ። ይዩት። ደህና ከሆነ ይወስዱታል። ካልሆነም አንድ ሰው አይቶት ይናገር።»

መኪናውስ እውነትም ተገኘ። በምርመራው ሰሞን የግንባታ ዕቃ ማድረስ ቆመ፤ ባለካውያዋ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሄደች። ሚስቲቱ ብርቱካን ጨምቃ ላከችላት። «ጠጪ እንጂ፣ ፈሳሽ ያስፈልግሻል» አለቻት፤ ለሴትየዋ አዝና ሳይሆን ከእሷ ለሚወሰደው ዕቃ። ደሟ ተመረመረና ከወንድሟ ጋር ገጠመ። ሚስቲቱ ይህን ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ አጨበጨበች። ሰዎች ዞረው አዩዋት።

የኩላሊቷ ፎቶ ውጤት በሚነገርበት ቀን ሁሉም መጡ፤ ሐሳቧን ቀይራ እንዳታመልጥ ይመስለኛል። እኔም መጣሁ፣ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እጇ ኪሷ ውስጥ አልነበረም። ፎቶውን ብርሃን ያለበት ሰሌዳ ላይ ሰቀለችና ለባለካውያዋ ብቻ ተናገረች።

«ማህፀንሽ ሲወጣ የሽንት ቱቦሽ ተጎድቶ ነበር?»

«አዎ። ተሰፍቶልኛል።»

«ከዚያ በኋላ ክትትል አድርገሻል?»

ባለካውያዋ ወደ ወንድሟ አየች። ወንድሟ ጫማውን አየ።

«አላደረግኩም።»

«ግራ ጎንሽን ያምሽ ነበር?»

«ብዙ ዓመት። ኋላ ግን ተወኝ።»

ሐኪሟ ጣቷን ፎቶው ላይ አሳረፈች። «ሕመሙ የተወሽ ኩላሊቱ ስለሞተ ነው» አለች። «ይሄ ቀኙ ነው፣ ደህና ነው። ይሄ ደግሞ ግራው፤ እንደ ዘቢብ ተኮማትሯል። ምንም አይሠራም። የተሰፋው ቦታ ላይ ጠባሳ ወጥቶ ቱቦውን ቀስ በቀስ ዘጋው። የደም ግፊትሽም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። በጊዜው ታይቶ ቢሆን የጠበበውን ቱቦ ማስፋት ይቻል ነበር። አሁን ያለሽ አንድ ነው። አንቺ ለማንም መስጠት አትችይም።»

«ግን አያፈስም እኮ!» አለ ታላቅ ወንድም። ድምፁ እንደ ክስ ነበር።

«አያፈስም» አለች ሐኪሟ። «ተዘግቷል። ታች ሲዘጋ ከላይ የሚመጣው ወዴት ይሄዳል?»

ይህንን ጥያቄ በከተማው ውስጥ ከእሱ የበለጠ የሚመልሰው ሰው አልነበረም። ስንት ደንበኛ መጥቶ ጠይቆታል፤ በስንቱ ላይ «ይሄን ታጣዋለህ?» ብሎ ስቆበታል።

«ወደ ላይ ይመለሳል» አለ።

«ተመለሰ። ኩላሊቱን ወጠረው፣ ኋላ ጨርሶ አደከመው።»

ከዚህ በኋላ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ነበር፤ እኔም ሞኝ ነኝ። ሚስቲቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ባለካውያዋ ዞረችና፣ «ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ጎንሽ ላይ እያለ ለምን አልነገርሽንም?» አለቻት።

ባለካውያዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ጥርሷ ያምራል። ከወንበሩ እስክትወድቅ ሳቀች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ሳቀች። ሐኪሟ ውሃ አመጣችላት፣ ጠጣችው፣ እየጠጣችም ሳቀች።

የቀረው ታናሹ ነበር። ሁለቱንም ልስጥ ያለው። ሁሉም ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ፤ አሁን የሚነጠፍ ላስቲክ አልነበረም። እጁ ቀስ እያለ ወደ ወገቡ ወጣ፣ ከቀበቶው በላይ አረፈ።

«እኔ እኮ... ሰሞኑን ጎኔን...» አለ።

ማንም አልሳቀበትም። ሚስቲቱ «ውይ በሞትኩት!» ብላ ወንበር ሳበችለት፣ ያደረገችውን ነጠላ አጣጥፋ ከጀርባው ደገፈችለት። «ሥራው እኮ ከባድ ነው» አለች ለሐኪሟ። እመት ጎኔ ያለውም የለም።

ታላቅ ወንድም እንግዲህ በማሽን ይታጠባል። ይመላለሳል። እህቱም ለቀረችው አንዷ ኩላሊት ክትትል ስለታዘዘላት፣ በእሱ ቀን አብራው ትሄዳለች፤ መኪናው ያው ወደዚያው ነው የሚሄደው። ካውያው አጠገብ አሁን አንድ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ አለ። ኃላፊያችን ወደ ሽንት ቤት ስትመላለስ አይቶ፣ «ምን ነካሽ፣ ድሮ እንዲህ አልነበርሽም» ሲላት፣ «ድሮማ ሁለት ነበሩኝ፣ አንዱን ለምሳሌነት ጨረስኩት» አለችው። እሱ ስላልገባው ሄደ።

ያቺን የመጀመሪያ የክትትል ቀን የነገረችኝ አንሶላ ስናጥፍ ነው። ጠዋት መኪናው ውስጥ ልትገባ በሩን ስትከፍት፣ ፊት ወንድሟ ተቀምጧል፤ የኋላው ወንበር ላይ፣ ከሚስቲቱ ጎን፣ ለእሷ በተተወላት ቦታ ሰማያዊው ባለአበባ ላስቲክ ተዘርግቷል።

«ታዲያ ምን አልሽ?» አልኳት ጫፉን ስቀበላት።

«አነሳሁት። እንደዚህ ጫፍ ከጫፍ አገናኘሁት፣ በመዳፌ ዳመጥኩት፣ እንደገና አጠፍኩት። ልብ ብዬ አጠፍኩት እትዬ፣ ለሆቴል እንደሚሄድ። ከዚያ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላትና፣ ‹እንኪ እቴ፣ ያዢው፤ ታናሽየው ጎኑን ሲመረመር ያስፈልገዋል› አልኳት።»

«እሷስ?»

«ያዘችው። ሆስፒታል እስክንደርስ ጭኗ ላይ ይንጫጫ ነበር።»

አንሶላውን ወጠር አደረግነው፤ አንድም የተጨማደደ ቦታ አልነበረበትም።